በእማዬ ፌስታል ውስጥ 12 ዓይነት መድኃኒት አገኘሁ። ምን ላድርግ?

የሐዋሳው_ልጅ

ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ጭንቅ ይዞኝ ነው የምጽፈው።

እማዬ 74 ዓመቷ ነው። ሽሮ ሜዳ ከታናሽ እህቴ ጋር ትኖራለች። ስኳርና ግፊት አለባት፤ ስኳሩ 15 ዓመት አልፎታል። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ለሽንት ስትነሳ ወደቀች። ተመስገን፣ አጥንቷ አልተሰበረም። ግንባሯ ላይ ግን አራት ቦታ ተሰፋች። ሲደወልልኝ ከሐዋሳ በሌሊት ተነስቼ መጣሁ።

መድኃኒቷን የምታስቀምጠው ጥቁር ፌስታል ውስጥ ነው። ፌስታሉ ቁምሳጥን ውስጥ ነው፣ ከነጠላዋ ሥር። አልጋው ላይ ዘረገፍኩትና ቆጠርኩ። 12 ዓይነት። ግማሹ ከካርቶኑ ወጥቶ በላስቲክ ታስሯል። አንዳንዱ ጀርባው ተፍቆ ስሙን ለማንበብ መስኮት ድረስ ይዤው ሄጃለሁ።

ያነበብኩትን ልጻፍላችሁ። ሜትፎርሚን፣ ግሊቤንክላማይድ፣ አምሎዲፒን 10 ሚሊግራም፣ ኢናላፕሪል፣ ላሲክስ፣ አስፒሪን፣ ኦሜፕራዞል፣ አሚትሪፕትሊን፣ ዳይክሎፌናክ፣ የሳል ሽሮፕ። ከዚያ ደግሞ ሜሪላንድ ያለችው ታላቅ እህቴ የላከቻቸው ኖርቫስክ 5 ሚሊግራም እና አድቪል ፒኤም።

"እንዴት ነው የምትወስጃቸው?" አልኳት። "ነጩን ጠዋት፣ ሮዟን ማታ፣ ትልቁን ከምግብ ጋር፣ ያቺን ደግሞ ሲያመኝ" አለችኝ። ነጭ የሆኑት ግን አምስት ናቸው።

እግሯ ያብጣል። ደረቅ ሳል አላት። አፏ ይደርቃል፤ "ምላሴ ኩበት ሆነ" ትላለች። አንዳንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ላብ ያጠምቃታል። ስጠይቃት "እርጅና ነው ልጄ" ነው መልሷ።

የስኳሩና የግፊቱ ከጤና ጣቢያ ነው። የጉልበቷና የእንቅልፏ ከአንድ የግል ክሊኒክ። ዳይክሎፌናኩን ያለ ማዘዣ ገዝታ ነው። ሁሉም የየራሱን ሰጥቷል፤ ሁሉንም አንድ ላይ ያየ ሰው ግን የለም። ግማሹን ላስጥላት እንዴ?

ጉለሌ_88

ይማርልህ ወንድሜ። የእኔም እናት ፌስታል እንደዚሁ ነው። ውይይቱን እየተከታተልኩ ነው።

ብልቃጥ

ወንድሜ፣ እናትህን እግዜር ይማርልህ። ፋርማሲስት ነኝ። በራስህ ግማሹን አታስጥላቸው። የትኛው ግማሽ እንደሆነ አንተ አታውቅም፤ እኔም እሳቸውን ሳላይ ልነግርህ አልችልም።

አንዱን ግን አሁኑኑ እነግርሃለሁ። ኖርቫስክ ማለት አምሎዲፒን ነው፣ የግፊት መድኃኒት። ኖርቫስክ የንግድ ስሙ ነው፤ ውስጡ ያው አንድ መድኃኒት ነው። ስለዚህ እናትህ በቀን 15 ሚሊግራም እየወሰዱ ነው ማለት ነው። የመድኃኒቱ ጣሪያ 10 ነው። ሁለቱን አብራችሁ አትስጧቸው፤ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂድና ይህንኑ ንገራቸው።

አሁን እብጠቱን እንከተለው። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል፤ መጠኑ ሲጨምር እብጠቱም ይጨምራል። ያበጠ እግር ያየ ሐኪም ላሲክስ ይጽፋል። ላሲክስ ያሸናል። አመሻሽ ላይ ከተወሰደ ሌሊት ያስነሳል። አሚትሪፕትሊን (የእንቅልፉን) ውጦ የተኛ ሰው ደግሞ ከአልጋው ድንገት ሲነሳ ግፊቱ ዝቅ ይልና ያዞረዋል። በዚያ ላይ ጨለማ ነው።

ሳሉም እንደዚያው ሊሆን ይችላል። ኢናላፕሪል የሚባለው የግፊት መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል። ያንን ሳል ሽሮፕ አያቆመውም፤ የሚቆመው መድኃኒቱ ሲቀየር ነው። መድኃኒት መድኃኒት ወለደ ማለት ይኸው ነው። አንዱ ያመጣውን ጣጣ እንደ አዲስ በሽታ እንቆጥረውና ሌላ እንጨምርበታለን።

ሦስት ነገር ንገረኝ። ላሲክሱን ስንት ሰዓት ነው የሚወስዱት? እብጠቱ የጀመረው ኖርቫስኩ ከመጣ በፊት ነው በኋላ? ኩላሊታቸው መጨረሻ የታየው መቼ ነው?

የሐዋሳው_ልጅ

እህቴን ቁጭ አድርጌ ጠየቅኳት። ኖርቫስኩ የመጣው ለፋሲካ በመጣች ሰው እጅ ነው። እግሯ ማበጥ የጀመረው ግንቦት ላይ። ላሲክሱ ሰኔ ላይ ታዘዘ። የምትወስደው ከእራት በኋላ ነው፣ "ቀን ከወሰድኩት ቅዳሴ ላይ ያስቸግረኛል" ብላ።

የኩላሊት ምርመራ የሚል ወረቀት አላገኘሁም።

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የጻፍኩት። እህቴ የላከችው በፍቅር ነው። "የአሜሪካው ይሻላል" ብላ እማዬም በጉጉት ነበር የምትጠብቀው። ይህንን እንዴት ብዬ ነው የምነግራት?

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ወንድሜ፣ እህትህን አትቆጣት። እኔም ለአክስቴ መድኃኒት እልክ ነበር። ሻንጣ ሲዘጋ መጨረሻ የሚገባው ብልቃጥ ነው፤ እዚህ አሜሪካ ያለን ሰዎች ሌላ የምናደርገው ሲጠፋን መድኃኒት እንልካለን። አድቪል ፒኤም ላይ ግን አስጠንቅቃት። ፒኤም የሚለው ማታ ለሚያስተኛው ነው። ውስጡ የሕመም ማስታገሻው አይቡፕሮፌን እና የሚያስተኛው ዳይፈንሃይድራሚን አለበት። የእናቴ ሐኪም እዚህ ለአዛውንት አይሆንም ብሎ አስጥሏታል።

እግረ መንገዴን የእናቴን ልንገራችሁ። እዚሁ ከእኔ ጋር ናት። ብልቃጡ ላይ በእንግሊዝኛ ጠዋት 8 እና ማታ 8 ተብሎ ተጽፏል። እናቴ እንግሊዝኛውን ባታነብም ቁጥሩን ታውቃለች። ለእሷ 8 ሰዓት ማለት ከምሳ በኋላ ነው። የማታው 8 ደግሞ ሌሊት። ስድስት ወር ሙሉ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አላርም እያስሞላች ትነሳ ነበር። በባዶ ሆዷ ትውጥና ትተኛለች። አንድ ሌሊት ውኃ ልጠጣ ወጥቼ ወጥ ቤት ውስጥ ብርሃን ሳይ ነው የገባኝ። "ምነው እማ?" ስላት "መድኃኒቴ እንዳያልፈኝ ብዬ ነው" አለችኝ። አለቀስኩ።

አሁን በየብልቃጡ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ስዬበታለሁ።

የተፈጥሮ_ልጅ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይሄ ሁሉ ኬሚካል ለአንዲት እናት? ሽፈራው ቅጠል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ የተነከረ አብሽ ስጧት። አያቶቻችን በዚያ ነው 90 የደፈኑት። አያቴ ምንም ክኒን ሳትውጥ ነው ያረፈችው።

ብልቃጥ

ወንድሜ፣ ለእናቶቻችን አስበህ እንደሆነ ይገባኛል። አብሽ ስኳር ያወርዳል ማለትህ ልክ ነህ። የምፈራውም እሱን ነው። የስኳር ክኒኑ ግሊቤንክላማይድ እያወረደ፣ አብሽ ከላዩ ሲጨመር፣ የት ላይ እንደሚቆም ማን ያውቃል? ሠርቶ የሚያድን ነገር ሠርቶ ይጎዳል። እኔ ሰው ስጠይቅ "ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?" ብቻ አልልም። "ጠዋት ምን ትጠጣለህ?" እላለሁ።

የሐዋሳው፣ እናትህን ይህን ጠይቃቸውማ። ዓይናቸው ላይ የሚጨምሩት ጠብታ ካለም ጠይቅ። ጠብታን መድኃኒት ነው ብሎ የሚቆጥር ሰው አላጋጠመኝም።

የሐዋሳው_ልጅ

አለ። ፍሪጅ በር ላይ፣ ከእርጎው ጎን። ቲሞሎል ይላል። ግላኮማ (የዓይን ግፊት) ነው የተባለችው፣ ሌላ የዓይን ክሊኒክ። "መድኃኒት አይደለም፣ ጠብታ ነው" ነው ያለችኝ፤ ቃል በቃል።

አብሹንም ትጠጣለች። ከዚህ ቀደም ጠይቄያት አላውቅም።

ብልቃጥ

ቲሞሎል ከዓይን ወደ አፍንጫ ወርዶ ደም ውስጥ ይገባል። የልብ ምት ይቀንሳል፤ አስም ያለበት ሰው ላይ ትንፋሽ ያጥራል። ስለዚህ ከጨመሩ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከአፍንጫቸው በኩል ያለውን የዓይናቸውን ጥግ አንድ ሁለት ደቂቃ በጣታቸው ይጫኑት። ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። አሚትሪፕትሊን ደግሞ እንደ ግላኮማው ዓይነት ዓይናቸውን ሊያባብሰው ይችላል። የአፋቸውም ድርቀት ከእሱና ከአድቪል ፒኤሙ የመጣ ይመስለኛል፤ ሁለቱም ያደርቃሉ፣ ሆድም ያስራሉ፣ ትልቅ ሰው ላይ መርሳትና መቃዠትም ያመጣሉ።

ሌላ የሚያስጨንቀኝ ኩላሊታቸው ነው። ዳይክሎፌናክና አድቪል የአንድ ቤተሰብ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ከኢናላፕሪልና ከላሲክስ ጋር ሲገናኙ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ግፊትንም ይጨምራሉ። ግፊቱ አልወርድ ሲል ምን ይደረጋል? ሌላ የግፊት መድኃኒት ይጨመራል። ከአስፒሪኑ ጋር ደግሞ ጨጓራ ያደማሉ።

ጎህ ሲቀድ የሚያልባቸው ነገር ስኳር መውረድ ሊሆን ይችላል። ላቡ ሲጀምራቸው ለኩት። ከ70 በታች ከሆነና ራሳቸውን የሚያውቁ ከሆነ ስኳር በውኃ ስጧቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ለኩ፣ ያንኑ ቀን ሐኪም ጋ ውሰዷቸው።

ወሎዬ

ስለ ግሊቤንክላማይድ የአባቴን ልናገር። ደሴ ነን። አባቴ 78 ነበር ያኔ። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት አይቀምስም። ክኒኑን ግን "ሐኪም ያዘዘውን አላጓድልም" ብሎ ጠዋት ይውጣል። አንድ ረቡዕ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መቀባጠር ጀመረ። ስሜን ጠፋው። ሸሚዙ ተጨምቆ የተሰጣ ይመስል ነበር። ጎረቤት ተሰበሰበ። "መንፈስ ነው፣ ጠበል ውሰዱት" ተባለ። አንዲት ነርስ ጎረቤታችን ናት ስኳሩን ለክታው 38 ሆኖ የተገኘው። ራሱን እየሳተ ስለነበር በአፉ ምንም እንዳንሰጠው ከለከለችን፤ ሮጠን ወሰድነው።

ግሉኮስ በደም ሥሩ ሲገባለት ዓይኑን ገለጠ። ቤት እንሂድ አለ። ሐኪሙ አሻፈረኝ አለ። "ክኒኑ ገና አላለቀም፤ የሰጠነው ግሉኮስ ሲያልቅ ተመልሶ ይወርዳል" አለን። እውነትም ሌሊቱን እንደገና ወረደ። ያን ቀን ይዘነው ብንወጣ ኖሮ አባቴ አሁን አይኖርም ነበር። ኩላሊቱ ስለደከመ ክኒኑ ሰውነቱ ውስጥ ይቆይ ነበር፤ እኛ ምን እናውቃለን።

ኡሙ_ሀያት

አላህ ያሽራቸው። ለሙስሊም ወገኖቼም አንድ ነገር። ረመዳን ሲገባ ሳይሆን በሻዕባን ነው ሐኪም መጠየቅ። እናቴ የጠዋቱን ክኒን ሱሑር ላይ እየወሰደች ሁለት ጊዜ ወድቃብኛለች። አሁን ሐኪሟ መድኃኒቱን ቀየረላት፣ ዋናውን ወደ ኢፍጣር አዞረላት። ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለ እሷም ታውቃለች፤ ግን ሲነግሯት ትከፋለች። ስለዚህ አንድ ወር ቀደም ብሎ ማስተካከሉ ነው የሚሻለው።

ጉለሌ_88

የእኔ እናት ሱባዔ ስትገባ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሰባት ቀን ትቆያለች። ሁሉንም ታቆማለች። ስትመለስ ሁሉንም በአንዴ ትጀምራለች። አንድ ጊዜ እንደዚያ አድርጋ ግፊቷ ጣሪያ ነክቶ ድንገተኛ ገብተናል። እንዴት አድርጌ ላስረዳት?

ሐኪሙ_ከጎጃም

ጉለሌ፣ ከእሷ ጋር አትከራከር። የንስሐ አባቷን ይዘህ አናግራት። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረዋል። ለኤችአይቪ ከሆነ ለግፊት የማይሆንበት ምክንያት የለም። እኔ ታካሚዎቼ ጠበል ቦታ ሲሄዱ የሰባት ቀኑን ቆጥሬ በትንሽ ፖስታ እሰጣቸዋለሁ። ይዘው ይሄዳሉ። በተለይ እንደ ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል ያሉት የግፊትና የልብ መድኃኒቶች በድንገት ሲቆሙ ልብ ላይ ይመለሳሉ፤ አደገኛ ናቸው።

የሐዋሳው፣ ስለ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ልበል። ሦስት ቦታ ያዘዙት ሐኪሞች ክፉ አይደሉም። ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ከበር ውጭ ሰልፍ ቆሞ፣ አንድን ሰው የማይበት ደቂቃ ጥቂት ነው። "ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?" ስል "አይ፣ የግፊት ብቻ" ይሉኛል። ካርዱ ላይ የሌላው ክሊኒክ ነገር የለም። አምኜ እጽፋለሁ። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ማርክ ቢርስ የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ በ1991 እ.ኤ.አ. ለአዛውንት የማይመከሩ መድኃኒቶችን ዝርዝር አወጡ። ዝርዝሩ እስካሁን በስሙ ይጠራል፤ በ2023ም ታድሷል። ግሊቤንክላማይድ፣ አሚትሪፕትሊንና ዳይፈንሃይድራሚን ሦስቱም እዚያ ላይ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 እ.ኤ.አ. በመድኃኒት የሚደርስን ጉዳት ለመቀነስ ዘመቻ ሲጀምር ዋና ብሎ ከያዛቸው ሦስት ጉዳዮች አንዱ ይኸው የመድኃኒት መብዛት ነው። ብዙ ጊዜ መስመሩ 5 ነው የሚባለው፤ አምስትና ከዚያ በላይ። እኔ ግን ቁጥሩን ብቻ ይዤ አልፈርድም። ሰባት መድኃኒት ሁሉም በምክንያት የሆነለት ሰው አለ። ሁለት ወስዶ አንዱ የሚገድለውም አለ።

ፌስታሉን እንዳለ ይዘህ ሐኪም ጋ ሂድ። ጠብታውንም። አብሹንም ተናገር። ፎቶ አይበቃም፤ ምን ያህል እንደቀረ አይቼ ነው የትኛው እንደሚወሰድና የትኛው እንደተረሳ የማውቀው። አዲስ የታዘዘ መድኃኒት ችግር ካመጣባቸው ደግሞ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ደውላችሁ ማሳወቅ ትችላላችሁ፤ ነጻ መስመር ነው።

የሐዋሳው_ልጅ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ሰላም ቤተሰብ። የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ነው የመጣሁት።

ፌስታሉን ይዘን አንድ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ አጠገቧ ፋርማሲስት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። እማዬ አፈረች። "ቆሻሻዬን አወጣኸው" አለችኝ በጆሮዬ። ሐኪሟ ሰምታ "እማማ፣ እንደ እርስዎ ጠንቅቆ ያስቀመጠ ሰው አላየሁም፤ ሥራዬን አቀለሉልኝ" አለቻት። እማዬ ፊቷ በራ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ተናገረች። ሲያማት ከጎረቤት የምትበደረውን ክኒን ሳይቀር።

ኖርቫስኩ ወጣ። አድቪል ፒኤምና ዳይክሎፌናክ ወጡ፤ ለጉልበቷ ፓራሲታሞል ተሰጣት። ላሲክሱ ቆመ። ኢናላፕሪሉ በሌላ የግፊት መድኃኒት፣ በሎሳርታን ተቀየረ፣ ሽሮፑም ተጣለ። ግሊቤንክላማይዱ ቆመ። ጎህ ላይ ስኳሯን ስንለካ 61 ነበር፤ ብልቃጥ እህቴ፣ ልክ ነበርሽ። ሐኪሟ "በእሳቸው ዕድሜ ስኳሩ ትንሽ ከፍ ቢል ይሻለኛል እንጂ አይውረድብኝ" ነው ያለችው። አሚትሪፕትሊኑ በግማሽ ተቀነሰ፣ ቀስ በቀስ ይቆማል። አስፒሪኑንና ኦሜፕራዞሉን ለሚቀጥለው ቀጠሮ አቆየቻቸው። "ሁሉንም ዛሬ ካነሳሁ፣ ነገ የሚመጣው ለውጥ ከየትኛው እንደሆነ አላውቅም" አለች። ኩላሊቷ ትንሽ ደክሟል። በሁለት ሳምንት ድጋሚ ሲታይ ተሻሽሏል።

አሁን ከጠብታው ጋር ስምንት ናቸው። እብጠቱ በአሥረኛው ቀን ጎደለ። ትናንት ጫማዋን አድርጋ "ሰፋኝ" አለችኝ። ሳሉም ጠፍቷል። ሌሊት አንዴ ብቻ ነው የምትነሳው፤ ኮሪደሩ ላይ አምፖል አድርገናል።

ለታላቅ እህቴ ነገርኳት። ዝም አለች፣ ከዚያ አለቀሰች። የሲልቨር ስፕሪንጓን ጽሑፍ አነበብኩላት። ትንሽ ቀለል አላት። "ታዲያ አሁን ምን ልላክ?" አለች። እማዬ ስልኩን ከእጄ ወስዳ "የስኳር መለኪያውን ወረቀት ላኪልኝ፣ እዚህ ውድ ነው" አለቻት።

ብልቃጥ

ተመስገን! ዛሬ ደስ ብሎኝ ነው ሥራ የምገባው። የመለኪያውን ማሽን ከነስሙ ፎቶ አንስተህ ላክላት ታዲያ። ወረቀቱ ከማሽኑ ጋር ካልገጠመ አይሠራም። ጊዜው የሚያልፍበትንም ቀን አይታ ትግዛ።